የላውንጁ ሕግ ቲኬቱ ሲቈረጥ ይነገር

ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ በልዩ ማዕረግ የሚጓዙ መንገደኞች በአየር መንገዱና በአጋሮቹ የማረፊያ አዳራሾች ስላላቸው መብት፣ ይህም መብት ለመንገደኛው አስቀድሞ ስለሚገለጽበት ሥርዓት

ክቡራን ሆይ፣

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀንን አልፎ፣ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቅ መንገደኛ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ከተማ የሆነችውን ግንደወይንን ሳያይ አያልፍም፤ እኔም በዚህች ከተማ የምኖር ሰው ስሆን፣ ስለ አውሮፕላን ማረፊያና ስለ ልዩ ማዕረግ መንገደኞች ለመጻፍ መነሣቴ ለአንባቢ እንግዳ ነገር መስሎ ሊታይ እንደሚችል አልስተውም። ዳሩ ግን ዘመኑ ሩቁን አቅርቦታል። ከዚህ አገር ወጥተው በዋሽንግተንና በሚኒያፖሊስ፣ በዴንቨርና በሲያትል፣ እንዲሁም በአውሮፓ ከተሞች የተቀመጡ ልጆች ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱም ወልደው አራስ ሲሆኑ የምታርሳቸውን እናት፣ ልጅ ሲያስጠምቁ የሚመርቃቸውን አባት ከዚሁ ከደጋው አገር ያስመጣሉ። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ከአገር ቤት እስከ ባሕር ማዶ ቀጥ ብለው ተቀምጠው መሄድ እንዳይከብዳቸውም፣ ልጆቹ ከደመወዛቸው እየቈጠቡ፣ ወንድምና እኅት እያዋጡ፣ ክላውድ ናይን የተባለውን የቢዝነስ ክላስ ቲኬት የሚገዙላቸው ጊዜ አለ። ስለዚህ በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ላውንጅ ተብሎ የሚጠራው የማረፊያ አዳራሽ ሕግ የባለጸጎችና የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መቋሚያዋን ይዛ ከቤቷ የምትወጣው የጎጃም እናት ጉዳይ ጭምር ሆኗል፤ እኔም የምጽፈው ስለ እርሷ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ለአየር መንገዳችን የሚገባውን ክብር ልስጥ። ይህ ድርጅት ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተዋዋለው ውል እየተመራ የሚያበራቸው አውሮፕላኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉ ሲ-47 ነበሩ፤ መንገደኞቹም ጭነቱን በመካከል አድርገው በግራና በቀኝ በተዘረጋው መቀመጫ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር፤ ያን ጊዜ በመንገደኛና በመንገደኛ መካከል የመዓርግ ልዩነት አልነበረም። ከልደታ ሜዳ ወደ ቦሌ ተዛውሮ፣ በ1955 ዓ.ም. በቦይንግ 720 የጄትን ዘመን ጀምሮ፣ በ2004 ዓ.ም. ቦይንግ 787ን ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ ተረክቦ፣ ዛሬ ለደረሰበት ልዕልና ሲበቃ፣ የአገሪቱ ገጠር ከክብሩ የተለየ አልነበረም፤ በእኛም በኩል ደብረ ማርቆስና ሞጣ የአውሮፕላን ሜዳ የነበራቸው ከተሞች ናቸው፤ ዛሬ ከግንደወይን በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ወርዶ በአውሮፕላን የሚሳፈር ሰውም የሚነሣው በብቸናው ጀግና በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ከተሰየመው ማረፊያ ነው። እንግዲህ የማቀርበው ቃል ከባዕድ የመጣ ነቀፋ ሳይሆን፣ የቤቱ ልጅ ቤቱ በሁሉ ነገር ምሉዕ እንዲሆን ከመመኘቱ የተነሣ የሚያቀርበው አቤቱታ ነው።

የማረፊያ አዳራሹ ታሪክ ራሱ ለያዝነው ነገር ብርሃን ይሰጣል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1939 አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ኩባንያ በኒው ዮርክ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ አድሚራልስ ክለብ ብሎ የሰየመውን አዳራሽ ሲከፍት፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ኩባንያው በገዛ ፈቃዱ መርጦ የጠራው ሰው ብቻ ነበር፤ የተጠራው ለምን እንደ ተጠራ፣ ያልተጠራውም ለምን እንደ ቀረ የሚያስረዳ ድንጋጌ በአደባባይ አልነበረም። ከዘመናት በኋላ ግን ይህ ልማድ ተለውጦ፣ አባልነቱ ዋጋው ታውቆ ለሚከፍል ሁሉ የሚሸጥ ሆነ፤ ከዚያም የመቀመጫ መዓርግና የታማኝ ደንበኞች ካርድ እየተጨመሩ፣ የአዳራሹ በር በጽሑፍ በሰፈረ ሕግ የሚከፈትና የሚዘጋ ሆነ። የነገሩ ጕዞ ከሰው ፈቃድ ወደ ሕግ፣ ከተሰወረ ወደ ተገለጠ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን፤ የቀረውም መንገድ ወደዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ሊሆን ይገባዋል።

በዚሁ አቈጣጠር በ1997 ኤር ካናዳ፣ ሉፍታንዛ፣ ኤስ.ኤ.ኤስ.፣ ታይ ኤርዌይስና ዩናይትድ የተባሉ አምስት አየር መንገዶች ስታር አሊያንስ የተባለውን ኅብረት ሲመሠርቱ ነገሩ ከአንድ ኩባንያ ደጅ ወጣ። የአንዱ እንግዳ የሌላው እንግዳ እንዲሆን፣ በአንዱ ዘንድ ያገኘው መዓርግ በሌላውም ዘንድ እንዲታወቅለት ቃል ተገባቡ። የእኛም አየር መንገድ ከደቡብ አፍሪካና ከግብፅ ቀጥሎ ሦስተኛው አፍሪካዊ አባል ሆኖ ታኅሣሥ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ወደዚህ ማኅበር ሲገባ፣ ሼባ ማይልስ በተባለው የታማኝ ደንበኞች መዝገብ ጎልድ ወይም ፕላቲኒየም ለደረሰው ኢትዮጵያዊ በብዙ አገር ያሉ የአባል ኩባንያዎች አዳራሾች ተከፈቱለት። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ከድሃ አገር የተነሣ መንገደኛ በፍራንክፈርትም ሆነ በቺካጎ ያለ ልመና፣ ያለ አማላጅ፣ በካርዱ ብቻ በክብር እንዲቀመጥ የሚያደርግ ውል ቀላል ነገር አይደለም።

ሕጉ በዋናው ክፍሉ እንዲህ ነው። ወደ አዳራሹ የሚያስገባው ወይ የመቀመጫው መዓርግ ነው፣ ወይም የካርዱ መዓርግ ነው። በመቀመጫው መዓርግ የሚገባው በፈርስት ክላስ ወይም በቢዝነስ ክላስ የሚበረው ሲሆን፣ የፈርስት ክላሱ መንገደኛ አንድ እንግዳ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ የቢዝነስ ክላሱ ግን ለብቻው ነው። በካርዱ መዓርግ የሚገባው ስታር አሊያንስ ጎልድ የሆነው መንገደኛ፣ መቀመጫው ከኋላም ቢሆን፣ አንድ እንግዳ ይፈቀድለታል፤ ያም እንግዳ በኅብረቱ አባል አውሮፕላን የሚበር መሆን አለበት። በሁለቱም መንገድ መብቱ የሚሠራው በዕለቱ ለሚነሣ፣ ከኅብረቱ አባላት አንዱ ራሱ ለሚያበረው በረራ ነው። ይህ ሁሉ ለሚያውቀው ሰው ርቱዕ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ አየር መንገዶች በውል ተሳስረው አንዱ የሌላውን በረራ በራሱ ቍጥር ይሸጣልና፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ስምና አውሮፕላኑን የሚያበረው ኩባንያ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ለአዳራሹ በር የሚታየው ደግሞ ሻጩ ሳይሆን አብራሪው ነው።

ለአየር መንገዳችን ይህ ነገር ከሌሎቹ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለው። በቶጎ ሎሜ ያለው አስካይ፣ 49 በመቶው የእኛ የሆነው የማላዊ አየር መንገድ፣ 45 በመቶው የእኛ የሆነው የዛምቢያ አየር መንገድ፣ በቅርቡም በኮንጎ የተቋቋመው ኤር ኮንጎ፣ ሁሉም ከቤታችን ጋር የተዛመዱ አጋሮች ሲሆኑ፣ አንዳቸውም የስታር አሊያንስ አባል አይደሉም። ስለዚህ ከዋሽንግተን ተነሥቶ በአዲስ አበባ ወይም በሎሜ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ፣ በመጀመሪያው በረራ የኅብረቱ ሙሉ ባለመብት ሆኖ፣ በሁለተኛው በረራ መብቱ በኅብረቱ ሕግ የማይጠየቅ፣ በሁለቱ ኩባንያዎች የተለየ ውል ብቻ የሚወሰን ይሆናል። ዘመድነቱ በባለቤትነት መዝገብ ላይ ያለ ሲሆን በአዳራሹ በር ላይ ግን የሚጠቅም ላይሆን ይችላል፤ ይህንንም መንገደኛው ከስሙና ከቀለሙ ሊለየው አይችልም።

በሌላውም ዓለም ሕጉ ከዚህ የቀለለ አይደለም። በአሜሪካ የዩናይትድ የገዛ ራሱ የጎልድ ካርድ ባለቤት፣ ጕዞው በአገር ውስጥ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ወደ ዩናይትድ ክለብ በካርዱ ብቻ አይገባም፤ የሼባ ማይልስ ጎልድ ካርድ የያዘው ኢትዮጵያዊ ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው በረራ፣ በዚያው በር ይገባል። ይህን ያነሣሁት አሜሪካኖቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ኩባንያው የገዛ ደንበኞቹ በዝተው አዳራሹን እንዳያጨናንቁበት ያወጣው ድንጋጌ ነው። ያነሣሁት የካርዱ ስምና ቀለም አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሁለት ሊሆን እንደሚችል፣ ስለዚህም መንገደኛው በግምት ሳይሆን በተነገረ ቃል ብቻ ሊታመን እንደሚገባው ለማሳየት ነው።

አሁን ይህ ሕግ በእኛ ሰው ላይ ሲያርፍ እንይ። ልጆቿ አዋጥተው ለእናታቸው ብቻ የቢዝነስ ክላስ ቲኬት ገዙ፤ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የማትሰማ፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት ብቻዋን እንዳትሆንም አንዲቱ ልጅ በተራው መቀመጫ አብራት ትሄዳለች። ሁለቱ ከአዳራሹ በር ሲደርሱ እናቲቱ ትገባለች፤ ልጂቱ ትቀራለች፤ የቢዝነስ ክላስ መቀመጫ እንግዳ አያስገባምና። በጎጃም ሥርዓት ያደገች እናት ልጇን በደጅ አቁማ እርሷ ከለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጣ እህል ልትቀምስ አትችልም፤ እህሉም አይወርድላትም። ከዚህም በላይ ማስታወቂያውን የሚያነብላት፣ በረራው ሲጠራ የሚሰማላት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የሚያስታውሳት ያችው በደጅ የቀረችው ናት። ስለዚህ እናቲቱ ተመልሳ ወጥታ ከልጇ ጋር በሕዝቡ መካከል ትቀመጣለች፤ ልጆቿ የከፈሉበት ዕረፍትም ሳይነካ ይቀራል። ሌላው ወገን ደግሞ አለ፤ የጎልድ ካርድ ያገኘ ልጅ አባትና እናቱን ይዞ ሲደርስ፣ አንድ ብቻ ይፈቀድልሃል ተብሎ ከአባቱና ከእናቱ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል፤ እንዲህ ያለውን ምርጫ በወላጆቹ ፊት ሊመርጥ የሚደፍር ልጅ ማን ነው?

በነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ውስጥ ሕጉን የጣሰ ማንም የለም። በበሩ የቆመው ሠራተኛ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ኩባንያውም ያልገባውን ቃል አላፈረሰም። የጐደለው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ገንዘቡን ሲቈጥሩ ሕጉን አላወቁትም። ቢያውቁት ኖሮ ምናልባት ሁለቱንም በተራው መቀመጫ አሳፍረው በተረፈው ገንዘብ በጕዞው መካከል የሆቴል ዕረፍት ይገዙላቸው ነበር፤ ወይም የጎልድ ካርድ ያለውን ወንድም አጃቢ ያደርጉት ነበር፤ ወይም ቢያንስ እናታቸውን በቤቷ ሳለች ያስረዷት ነበር። የተወሰደባቸው ይህ የመምረጥ ዕድል ነው፤ የሐዘኑም ሥር እርሱ ነው።

ቅዱሱን ከዓለማዊው ጋር ማስተካከል እንዳይሆንብኝ እየፈራሁ፣ በአካባቢያችን ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ሥርዓት ላንሣ። ከጥንታዊቱ መርጡለ ማርያም እስከ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ከዲማ ጊዮርጊስ እስከ ትንሿ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ሕንፃው ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ካህኑ ከመቅደስ፣ ሥጋ ወደሙን የሚቀበለው ምእመን ከቅድስት፣ ማኅሌታዊው ከቅኔ ማኅሌት ይቆማል፤ ሌላውም በዐጸዱ በዛፉ ጥላ ሥር ሆኖ ያስቀድሳል። በዚህ ልዩነት ግን ምእመን ሲያጕረመርም አልሰማሁም። ምክንያቱም ሥርዓቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተነገረው፣ በየደብሩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ለምን እንደ ተሠራም ሊቃውንቱ የሚያስረዱት ስለ ሆነ ነው፤ ማንም ሰው መጋረጃው ሥር ደርሶ ወደ ኋላ ሲመለስ በሕዝብ ፊት አያፍርም፤ የሚቆምበትን ቦታ ከቤቱ ሲወጣ ያውቀዋልና። ሰው በመዓርግ መለየትን ይታገሣል፤ ሳይነገረው ተለይቶ በአደባባይ መመለስን ግን አይረሳውም።

በእናንተ በኩል የሚነሣውን መልስ ችላ ብዬ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። የመጀመሪያው መልስ አዳራሹ ጠባብ ነው የሚል ይሆናል፤ እውነትም ነው። ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የቦሌ ማስፋፊያ ማረፊያው በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ያበቃው ቢሆንም፣ የአየር መንገዳችን የበረራ ሥርዓት ማዕበላዊ ነው፤ ጧት ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት በተቀራረበ ሰዓት ደርሰው መንገደኞቻቸውን ወደ አፍሪካ ከተሞች ለሚነሡት ያስተላልፋሉ፤ ማታም እንዲሁ ከአፍሪካ የመጣው ሁሉ በአንድነት ወደ ሌላው ዓለም ይበተናል። በእነዚህ ሰዓታት አዳራሹ ይጨናነቃል፤ ለሁሉ ይከፈት ቢባል ለማንም ዕረፍት የማይሰጥ ይሆናል። ሁለተኛው መልስ የኅብረቱን ሕግ ብቻችንን አልጻፍነውም፣ ብቻችንንም ልንለውጠው አንችልም የሚል ነው፤ ይህም እውነት ነው። በአጋር አዳራሽ ለሚስተናገድ እንግዳ አንዱ ኩባንያ ለሌላው የሚከፍልበት ሒሳብ ስላለ፣ በውጭ አገር በር ላይ የቆመው ሠራተኛ ከውሉ አልፎ ርኅራኄ ሊያደርግ ሥልጣን የለውም።

እኔ ግን የምለምነው በሩ ለሁሉ ይከፈት ብዬ አይደለም። ለአዳራሹ ጥበት የሕጉን መነገር እንደ ጠላት ልናየው አይገባም፤ ይልቁንም በሩ ላይ የሚሰለፈውና የሚከራከረው ሰው የሚቀንሰው ሕጉ ቀድሞ ሲነገር ነው። የኅብረቱም ውል ሕጉን እንድትለውጡ ባይፈቅድላችሁ፣ በገዛ ቲኬታችሁ ላይ በገዛ አገራችሁ ቋንቋ እንዳትገልጹት የሚከለክላችሁ ምንም ነገር የለም። በገዛ ቤታችሁ በቦሌ ደግሞ ከኅብረቱ ሕግ የሚበልጥ ቸርነት ብታደርጉ ማንም አይከስሳችሁም፤ ሕጉ ከዚህ አታሳንሱ ይላል እንጂ ከዚህ አታስበልጡ አይልምና።

ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቲኬት በሚቈረጥበት ጊዜ፣ በቢሮም ይሁን በስልክ ወይም በወኪል በኩል፣ ለእያንዳንዱ የጕዞ ክፍል አራት ነገሮች በግልጽ ይጻፉ፤ አውሮፕላኑን የሚያበረው ኩባንያ ማን እንደ ሆነ፣ በሚነሣበት ማረፊያ አዳራሽ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑ፣ የተፈቀደው በመቀመጫው ነው ወይስ በካርዱ የሚለው፣ እንግዳ ማስገባት ይቻል እንደ ሆነም። ይህም በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ይሁን፤ ቲኬቱን በሲያትል የሚገዛው ልጅ እንግሊዝኛውን ቢያነበውም፣ ቲኬቱን ይዞ የሚጓዘው ወላጅ ነውና።

ሁለተኛ፤ የኅብረቱ አባል ባልሆኑት አጋሮቻችን፣ በተለይም በአስካይ፣ በማላዊ፣ በዛምቢያና በኤር ኮንጎ በሚቀጥሉ ጕዞዎች ላይ፣ የካርድና የመቀመጫ መዓርግ በየትኛው ማረፊያ ምን እንደሚያስገኝ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ሰንጠረዥ ለሕዝብ ይውጣ፤ ውሉ በተለወጠ ቍጥርም ሰንጠረዡ ይታደስ፤ ከለውጡ በፊት ቲኬት የገዛ ሰው ግን በገዛበት ጊዜ በነበረው ሕግ ይስተናገድ። መብትን ከገዙ በኋላ ማሳነስ የርትዕ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ፤ በቦሌ ባለው በራሳችሁ አዳራሽ፣ በቢዝነስ ክላስ ለሚጓዝ አረጋዊ፣ ሕመምተኛ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚረዳ መንገደኛ አብሮት የሚበር አንድ አጃቢ ይፈቀድለት። ይህን ለሁሉ ለመስጠት ቦታው ባይበቃ፣ የአጃቢው መግቢያ ዋጋ ታውቆ ከቲኬቱ ጋር አስቀድሞ የሚሸጥ ይሁን። የጎልድ ካርድ ይዞ ከሁለት ወላጆቹ ጋር ለሚመጣ ልጅም እንዲሁ ይደረግለት። ለአንድ ወንበርና ለአንድ ስኒ ቡና የሚወጣው ወጪ እናትን ከልጅ ባለመለየት ከሚገኘው ምስጋና ጋር ሲመዘን እጅግ ትንሽ ነው።

አራተኛ፤ መንገደኛ ከበር የሚመለስበት ምክንያት ሲኖር፣ ምክንያቱ በሚሰማው ቋንቋ፣ በለሆሳስና በአክብሮት ይነገረው፤ የተመለሰበት አንቀጽና አቤት የሚልበት ቦታ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀትም ይሰጠው። በስሕተት የተመለሰ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ሊያገኝ የሚገባውን የሚመጥን ካሣ በሼባ ማይልስ ነጥብም ሆነ በገንዘብ ይከፈለው። በዚህ ሥርዓት ሠራተኛውም ይጠበቃል፤ የሰውን ቍጣ ብቻውን ከመሸከም ይድናልና።

አምስተኛ፤ ከአዳራሹ ውጭ ያለውን ሕዝብ አትርሱ። ከቦሌ ከሚነሣው መንገደኛ አብዛኛው በየትኛውም መዓርግ የአዳራሽ መብት የሌለው ነው፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ወጣት ሴቶች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ መሳፈሪያው በር ተወስደው በረራው እስኪጠራ ረዥም ሰዓት የሚጠብቁ ሽማግሌዎች አሉ። ለእነዚህ መዓርግ ሳይጠየቅ የሚከፈት፣ ጋደም የሚባልበት፣ ውኃ የሚገኝበት፣ በአገራችን ቋንቋ የሚናገር አንድ አስተናጋጅ ያለበት ጸጥ ያለ ስፍራ ይዘጋጅ። በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን የተቀበለው አብርሃም ማንነታቸውን ከመጠየቁ በፊት ውኃ አቅርቦላቸዋል፤ በእርሱ ምሳሌ እንግዳ መቀበልን ለሚማር ሕዝብ አየር መንገድ ይህ የማይቻል ነገር አይደለም።

ይህን የምጽፍበት ጊዜም ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም። በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ በፍጻሜው 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የታሰበው። ግድግዳ ከቆመ በኋላ አዳራሽ ማስፋት ከባድ ነው፤ በንድፍ ላይ ሳለ ግን በመስመር ሥራ ብቻ ይፈጸማል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የልዩ ማዕረግ አዳራሾችን ሲያሰሉ፣ ያገራችንን ቤተሰብ አካሄድ አብረው ያስሉ፤ እኛ ብቻችንን የማንጓዝ፣ ሽማግሌ ያለ አጃቢ የማንሰድድ ሕዝብ ነን፤ ሌላው ዓለም ለብቻው ለሚጓዘው ነጋዴ የሠራውን ልክ እንዳለ መውሰድ ለእኛ አይበቃም። የኅብረቱም አባላት ስለ እንግዳ ሕግ በሚመክሩበት ጉባኤ፣ የአፍሪካ አባሎች ድምፅ ስለ አረጋውያን አጃቢ ቢሰማ፣ የሚያከብረን እንጂ የሚያሳፍረን ነገር አይሆንም።

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም አንድ ቃል አለኝ። የመንገደኛ መብት ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው የዘገየ በረራንና የጠፋ ሻንጣን ነው፤ ነገር ግን በቲኬት ዋጋ ውስጥ ተጠቃሎ የተሸጠ አገልግሎት ሁሉ፣ የማረፊያ አዳራሽም ሳይቀር፣ ከመሸጡ በፊት በግልጽ እንዲነገር የሚያዝዝ አንድ ድንጋጌ ብታወጡ፣ በአገራችን ሰማይ በሚመላለሱ የውጭ ኩባንያዎች ሁሉ ላይ እኩል ይሠራል፤ የእኛም አየር መንገድ ብቻውን የሸክሙ ተሸካሚ አይሆንም።

በመጨረሻም በውጭ አገር ላላችሁ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን፤ ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ወላጅ ስታስመጡ የምትገዙትን ነገር ጠይቁ። ቲኬቱን የሸጠላችሁን ሳይሆን አውሮፕላኑን የሚያበረውን ኩባንያ ስም ጠይቁ፤ ያም ኩባንያ የኅብረቱ አባል መሆኑን አረጋግጡ፤ በቢዝነስ ክላስ የሚጓዝ ሰው አጃቢውን ይዞ እንደማይገባ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ከቤተሰቡ የጎልድ ካርድ ያለው ካለ አጃቢነቱን ለእርሱ ስጡት፤ ለሦስት የምትሆኑ ከሆነ ደግሞ ካርዱ አንድ እንግዳ ብቻ ስለሚያስገባ፣ ወይ አንዱ በውጭ እንደሚቀር ወይም ሁሉም በውጭ እንደሚሆን ለወላጆቻችሁ በቤታቸው ሳሉ አስረዱአቸው። ገንዘባችሁ በላባችሁ የመጣ ነው፤ ለወላጅ ክብር ያወጣችሁት ብር ወደ ኀፍረት እንዳይለወጥ መጠንቀቅ የእናንተም ድርሻ ነው።

ክቡራን ሆይ፣ የጠየቅሁት ነገር አዲስ አውሮፕላን የሚገዛ ሀብት ወይም ኅብረትን የሚያፈርስ ድፍረት አይጠይቅም። ከአምስቱ ልመናዎች የመጀመሪያው በጽሕፈት ብቻ የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ሌሎቹን በጥናት ላይ ብታቈዩአቸው እንኳ እርሱን ሳትዘገዩ እንድትጀምሩት እለምናለሁ፤ መልሳችሁም ለእኔ ሳይሆን ለሕዝብ በግልጽ እንዲሰጥ፣ የሚቻለውንና የማይቻለውን ለይታችሁ ከነምክንያቱ እንድታስታውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የማይቻል የሆነውን ምክንያቱ ከተነገረን እንቀበለዋለን፤ የሚቻለው ግን ሳይደረግ ቢቀር ዝም ብለን የምናልፈው አይሆንም።

እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ፤ በአየርም በምድርም ለሚሄደው ሁሉ ፍኖተ ሰላም ያድርግለት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የግንደወይን ከተማ ነዋሪ
ጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ ምሥራቅ ጎጃም